እውነት ወይስ ተረት? ውሻው ሲታሰር

ከውጭ አገር የመጣ ሻንጣ ሲከፈት ከሽቶውና ከጫማው መሀል መድኃኒት ብቅ ማለቱ የተለመደ ነው። አንድ ቀን ሁለት እህትማማቾች እኔ በምሠራበት መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ ብርቱካናማ የፕላስቲክ ጠርሙስ አስቀመጡ። ታላቂቱ ሉፐስ አለባቸው። ሐኪማቸው ያዘዘላቸው ባለ 5 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን ነው፤ ጠዋት ጠዋት አራት ፍሬ። እሱ ሲያልቅ ወንድማቸው ከአሜሪካ «ያው ነው» ብሎ ፕሬድኒሶን ላከላቸው። በእርግጥም ያው ነው ማለት ይቻላል፤ ፕሬድኒሶን ጉበት ውስጥ ሲገባ ወደ ፕሬድኒሶሎን ይለወጣል።

«እትዬ፣ ከዚህኛው ስንት ስንት ነው የሚወስዱት?»

«እንደ ድሮዬ አራት ነዋ። ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው። ጉልበቴስ ጉድ ነው ልጄ፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር ግን ጠፋ።»

ጠርሙሱን አዙሬ አነበብኩ። ባለ 20 ሚሊግራም ነው። በቀን 20 ሚሊግራም ይወስዱ የነበሩ ሴት 80 እየዋጡ ሰንብተዋል። ቆጠራቸው አልተሳሳተም፤ የተለወጠው የሚቆጠረው ነገር ነው። በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪማቸው ላክኋቸው። እኔ «በሉ ወደ ድሮው ይመለሱ» ያላልኩበት ምክንያት አለኝ፤ ኋላ ላይ ይገባችኋል።

ፕሬድኒሶሎን፣ ዴክሳሜታዞን፣ ሜቶትሬክሴት፣ አዛታዮፕሪን፣ ማይኮፌኖሌት፣ ሳይክሎስፖሪን፣ ታክሮሊመስ፤ መንገዳቸው ቢለያይም ሁሉም የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም ዝቅ ያደርጋሉ። ይህን ስናገር «እንዴት ተደርጎ! ይህንንማ ማጠንከር አይደል የሚያስፈልገው?» የማይለኝ ሰው የለም። ለዚህ ጥያቄ የግቢ ውሻን ነው የማነሳው። ውሻ ሌባ ሲመጣ ይጠቅማል። አንዳንዱ ግን ይለወጥና የቤቱን ልጆች መንከስ ይጀምራል። በሉፐስ፣ መገጣጠሚያን በሚያቃጥለው ሩማቶይድ፣ በአንዳንድ የኩላሊትና የአንጀት ሕመሞች የሚሆነው ይኸው ነው። ኩላሊት የተቀየረለት ሰው ላይ ደግሞ ውሻው አዲሱን ኩላሊት እንደ ሌባ ያየዋል። መድኃኒቱ ውሻውን አይገድለውም፤ ያስረዋል።

ከባንኮኒው ጀርባ የምሰማቸው ተረቶች አብዛኞቹ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ይመስለኛል። ሰው የገዛ ሰውነቱን ምስክርነት ያምናል፤ አሞኝ ነበር ዋጥኩ፣ ተሻለኝ ተውኩ። ለራስ ምታት ኪኒን ይህ በቂ ሊሆን ይችላል። እነዚህኞቹ ግን ሥራቸው ምስክሩን ዝም ማሰኘት ነው።

«ከተሻለኝ ምን ያደርግልኛል?»

ተረት ነው፤ ከሁሉም የከፋው ተረት።

እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካ ውስጥ በሜዮ ክሊኒክ ፊሊፕ ሄንች የተባለ ሐኪም በሩማቶይድ ለተሰነካከለች አንዲት ወጣት ሴት ኮርቲዞን ወጋት። በቀናት ውስጥ ተነስታ መራመድ ቻለች። ሄንች ከሁለት ዓመት በኋላ ከኬንዳልና ከራይክስታይን ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ደስታው ግን ሳይበርድ ነው ሁለት ነገር የታየው፤ መድኃኒቱ ሲቆም በሽታው ይመለሳል፣ መድኃኒቱ ሲበዛ ደግሞ ሌላ መዘዝ ያመጣል። ኮርቲዞን በሽታውን አልነቀለውም፤ ድምፁን ነው ያጠፋው። የዛሬዎቹ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን የእሱ ታናናሾች ናቸው።

በድንገት ማቆም የሚያስከትለው አደጋ ግን በሽታው መመለሱ ብቻ አይደለም። ከሁለቱ ኩላሊቶች አናት ላይ የተቀመጡ ትናንሽ ዕጢዎች በየቀኑ ኮርቲሶል ያመነጫሉ። የደም ግፊትን የሚደግፍ፣ ሰውነት በሕመምና በጉዳት ጊዜ እንዲቋቋም የሚያደርግ ሆርሞን ነው። ይኸው ነገር በኪኒን ከውጭ ሲመጣላቸው ዕጢዎቹ «የሚሠራልን ካለ» ብለው ይተኛሉ። ኪኒኑ ከሦስትና ከአራት ሳምንት በላይ ተወስዶ በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ የውጩ የለም፣ የውስጡም ገና አልነቃም። ያኔ ሰውየው ይዝላል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ያስታውከዋል፣ ብድግ ሲል ያዞረዋል፣ አንዳንዴም ራሱን ስቶ ይወድቃል። ቤተሰብ ወባ ነው ወይም የበላው ነገር ነው ብሎ ሲያስታምም ሕይወት ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ነው ሐኪም ሲያስቆም ደረጃ በደረጃ፣ አንዳንዴም ወራት ወስዶ የሚቀንሰው፤ የተኙት ዕጢዎች እስኪነቁ ድረስ። እትዬንም በራሴ ሥልጣን ወደ 20 ያልመለስኳቸው መጠኑ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ሲዘል ሰውየውን አይቶ የሚወስን ሐኪም ስለሚያስፈልግ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ከባድ ትኩሳት ሲይዘው፣ አደጋ ሲደርስበት ወይም ቀዶ ሕክምና ሲያደርግ ጤነኛ ዕጢ ቢሆን ብዙ ኮርቲሶል ያመነጭ ነበር። የተኛ ዕጢ ይህን አይችልም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቀን መጠኑ ለጥቂት ጊዜ ከፍ ሊልለት ይገባል። ምን ያህል እንደሚጨመር ጤነኛ ሳላችሁ ሐኪሙን ጠይቃችሁ አጽፉ። ደጋግሞ ያስመለሰውና ኪኒኑ ሆዱ ውስጥ ያልቆየለት ሰው ደግሞ በመርፌ ያስፈልገዋልና ቤት አይቀመጥ። በመታወቂያችሁ ኪስ ውስጥ «ፕሬድኒሶሎን እወስዳለሁ፣ በድንገት አይቋረጥ» የምትል ብጣሽ ወረቀት አትጥፋ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ የለውም።

ሰዎች ለምን እንደሚያቆሙት ይገባኛል። ፊት ይከባል፣ ሆድ ይገፋል፣ ብጉር ይወጣል፣ ጎረቤት «ተመቸሽ አይደል!» ይላል። ለአንዲት ወጣት ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ «ጤናሽ ይበልጣል» ብሎ ማለፍም ጭካኔ ነው። እውነቱ ይህ ነው፦ የፊቱ መክበብ መጠኑ እየቀነሰ ሲሄድ በአብዛኛው ይመለሳል። ዝም ብለው የሚመጡት ግን ይበልጥ ያሳስባሉ፤ የስኳርና የደም ግፊት መጨመር፣ የአጥንት መሳሳት፣ የዓይን ሞራ። እነዚህን መስታወት አያሳይም፤ ምርመራ ነው የሚያሳየው። ጨውና ስኳር መቀነስ፣ በየቀኑ መራመድ፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ያስፈልገኝ እንደሆነ ብሎ መጠየቅ ይረዳል። ለጉልበት ሕመም በላዩ ላይ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መደረብ ደግሞ ጨጓራን ለመድማት ማጋለጥ ነው።

ኪኒኑ በቀን አንዴ ከሆነ ጠዋት፣ ከምግብ ጋር ይወሰዳል። የሰውነት ኮርቲሶልም ከፍ የሚለው ጠዋት ነው፤ ማታ የተወሰደ እንቅልፍ ይነሳል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ እናቶች እዚህ ላይ ይቸገራሉ። የነፍስ አባትዎን ያማክሩ እላቸዋለሁ፤ ለታመመ ሰው ጾምን ማቅለል በቤተ ክርስቲያን አዲስ ነገር አይደለም።

በነካ እጄ ስለ ዴክሳ ልበል። «ትንሽ ናት፣ ግማሽ ሚሊግራም ብቻ» ተብላ ለመወፈር የምትዋጠው ዴክሳሜታዞን ትንሽ አይደለችም። የእሷ 0.75 ሚሊግራም የፕሬድኒሶሎንን 5 ሚሊግራም ያህል ይሠራል። የምትጨምረው ውፍረትም የጤና ሥጋ አይደለም፤ ፊትና ሆድ ሲሞሉ የክንድና የጭን ጡንቻ ይከሳል። እንዲህ ለወራት የወሰደች ልጅ «ይብቃኝ» ብላ በአንድ ቀን ስትተዋት ከላይ የነገርኳችሁ የዕጢ እንቅልፍ ይጠብቃታል። መዋጧ አሳፍሯት ለሐኪም ካልተናገረች ደግሞ ማን ያውቅላታል?

«በሳምንት አንዴ የሚዋጥ ኪኒን የት አለ?»

አለ፤ ሜቶትሬክሴት ይባላል። ለሩማቶይድና ለአንዳንድ የቆዳ በሽታ ሲታዘዝ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ፍሬው ባለ 2.5 ሚሊግራም ከሆነ 15 ሚሊግራም የታዘዘለት ሰው በዚያች ቀን ስድስት ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሳምንት ምንም። በልማድ «ኪኒን በየቀኑ ነው» ብሎ በየቀኑ የወሰደው ሰው የአጥንቱ መቅኒ ደም መሥራት ያቆማል፣ አፉ ይቆስላል፣ ይደማል። በዚህ ስህተት በተለያዩ አገሮች ሰዎች ሞተዋል። በሽተኛው ብቻም አይደለም የተሳሳተው፤ የጻፈውም፣ ያደለውም እጁ አለበት። እኛንም ማለቴ ነው።

ስለዚህ ቀኗ በስሟ ትጻፍ። «በሳምንት አንዴ» ብቻ ሳይሆን «እሑድ» ተብሎ። እሑድን የምመርጠው ከቅዳሴ መልስ የሚለው ስለማይረሳ ነው፤ ሙስሊም ደንበኞቼ ጁምዓን ይመርጣሉ። ፎሊክ አሲድ አብሮ ከታዘዘ ለጉዳቱ መከላከያ ነውና አትዝለሉት፤ ብዙ ጊዜ በሌላ ቀን ይወሰዳል። ሁለቱ ቢጫ ኪኒኖች የሚምታቱበት ቤት ስላለ ዕቃቸው ይለይ። አረቄውና ጠጁም ጉበት ላይ ስለሚደረቡ በግልጽ ይነገር።

አሁን ደግሞ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ፦ ኮትሪሞክሳዞል። ብዙ ሰው ባክትሪም እያለ ለተቅማጥም ለሽንት ማቃጠልም ያለ ማዘዣ ይጠይቀዋል። ከሜቶትሬክሴት ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ፎሌትን ስለሚሻሙ የደም ሴሎች በአደገኛ ሁኔታ ሊወርዱ ይችላሉ። ሜቶትሬክሴት የምትወስዱ ሰዎች ማንኛውንም ፀረ ተሕዋስያን ከመግዛታችሁ በፊት የሜቶትሬክሴትን ስም ጥሩ፤ ፋርማሲስቱ ካልጠየቃችሁ እናንተ ተናገሩ።

«ትኩሳት ስለሌለኝ ኢንፌክሽን የለብኝም»

ወደ ውሻው እንመለስ። ትኩሳት የውሻው ጩኸት ነው። የታሰረ ውሻ ባለበት ግቢ ሌባ ኮቴውን ሳያሰማ ሊገባ ይችላል። ፕሬድኒሶሎን ትኩሳትንም የሆድ ሕመምንም ይሸፍናል፤ ስለዚህ ቀላል ሙቀት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የማይለቅ ሳል፣ ድንገት የመጣ ድካም በእነዚህ ሰዎች ላይ ከሌላው ሰው ይልቅ ትልቅ ምልክት ነው። ትኩሳቱ ከፍ ካለማ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ነው መሄድ።

ደግሞም ሌባው ሁልጊዜ ከውጭ አይመጣም። በእኛ አገር ብዙ ሰው የሳንባ ነቀርሳን ጀርም ሳይታመምበት ተሸክሞ ይኖራል፤ ውሻው ሲታሰር የተኛው ይነሳል። የጉበት ቫይረስ ቢም እንዲሁ። ስለዚህ ሐኪሙ ከመጀመሩ በፊት ደረት ራጅና የጉበት ምርመራ ሲያዝ «ገንዘቤን ሊበላ ነው» አትበሉ። ነቀርሳው ከተነሳ ሕክምናው ላይ ያለው ሪፋምፒሲን ደግሞ ፕሬድኒሶሎንንም ታክሮሊመስንም ከሰውነት ቶሎ ያስወግዳቸዋል፤ የትኛውንም የሚያክም ሐኪም ሌላኛውን ማወቅ አለበት።

ስለ አንዲት ትል ደግሞ የማይወራውን ላውራ። ስትሮንጂሎይድስ ትባላለች። በባዶ እግር ከረገጥነው አፈር ቆዳን በስታ ትገባለች፤ ከሌሎቹ ትሎች የምትለየው እዚያው ሰውነት ውስጥ ራሷን እያባዛች ለዐሥርት ዓመታት መኖር መቻሏ ነው። በልጅነቱ ገጠር በባዶ እግሩ የሮጠ ሰው ዛሬ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ እየኖረ ተሸክሟት ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ምንም አትናገርም። ሰውየው ፕሬድኒሶሎን ሲጀምር ግን ትሏ ያለ ልክ ተባዝታ ሳንባንም አንጎልንም ልታጥለቀልቅ ትችላለች፤ ያኔ ብዙውን ጊዜ ይገድላል። አንድ ጊዜ የሚዋጠው የተለመደው የትል ኪኒን አልቤንዳዞል አያስተማምንም፤ የሚመረጠው አይቨርሜክቲን ነው። አንድ የሰገራ ምርመራም ሊያመልጣት ይችላል። ውጭ አገር ያለ ሐኪም ያደጋችሁበትን አፈር አያውቀውምና «ገጠር ነው ያደግሁት፣ ጫማ አልነበረኝም» በሉት። የሚያሳፍር ነገር የለበትም፤ ከብዙ የደም ምርመራ የሚበልጥ መረጃ ነው።

ጥሬ ሥጋስ? ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ቁርጡም ጥሬው ክትፎም ለጊዜው ይቅር። ለብ ለብም ጥሬ ነው። የኮሶ ትል ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ሳልሞኔላና ቶክሶፕላዝማ አሉ። ያልፈላ ወተት ደግሞ ብሩሴላንና የከብት ነቀርሳን ያስተላልፋል። የሠርግ ቤት ሥጋ ፊት ተቀምጦ «እኔ ጥብስ» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ።

«ይሄማ የዚያ በሽታ መድኃኒት ነው»

በየወሩ ሆስፒታል የምትመላለስ፣ በየቀኑ ኪኒን የምትውጥ፣ «የመከላከል አቅምሽ ዝቅ ያለ ነው» የተባለች ሴት በሰፈር ዓይን ኤችአይቪ አለባት። ተረት ነው። ኤችአይቪ ቫይረስ ነው፤ እነዚህ መድኃኒቶች ቫይረስ አያመጡም፣ ወደ ሌላ ሰውም የሚተላለፍ ነገር የላቸውም። መጠኑ ሲቀነስ ውሻው ይፈታል። ይህን ሐሜት ፈርታ ኪኒኗን ከባሏ ደብቃ የምትወስድ፣ እንግዳ ሲመጣ የምትዘል አንዲት ደንበኛ አለችኝ። የዘለለችው ቀን ብዛት ለሐኪሟ ካልተነገረ «መድኃኒቱ አልሠራም» ተብሎ መጠኑ ይጨመራል።

«የተፈጥሮ ነገር አይጎዳም»

ይህን ስሰማ ፈገግ እላለሁ፤ ምክንያቱም ሳይክሎስፖሪን የተገኘው ከኖርዌይ የሐርዳንገርቪዳ አምባ በተወሰደ አፈር ውስጥ ከነበረ ሻጋታ ነው። ታክሮሊመስ ጃፓን ውስጥ ከፁኩባ አፈር፤ ሲሮሊመስ ከራፓ ኑይ ደሴት አፈር። የአንዱ ኩላሊት በሌላው ሰው ውስጥ እንዲኖር ያስቻሉት እነዚህ የአፈር ልጆች ናቸው። ተፈጥሮ ናቸውና አይጎዱም? በደም ውስጥ ያላቸው መጠን ትንሽ ከፍ ካለ ራሱን ኩላሊቱን ይጎዳሉ፣ ትንሽ ዝቅ ካለ ሰውነት ኩላሊቱን ይጥለዋል። በዚህ ጠባብ መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው ግሬፕፍሩት መጠኑን ይሰቅልበታል፤ ሴንት ጆንስ ወርት የተባለው የጭንቀት ቅጠል ያወርድበታል። ኢሪትሮማይሲን፣ ክላሪትሮማይሲንና ፍሉኮናዞልም ይሰቅላሉ። «ኢሚዩኒቲ ይጨምራል» ተብሎ በማሰሮና በጠርሙስ የሚሸጠው ደግሞ ገና ከስሙ የታሰረውን ውሻ ለመፍታት የመጣ ነው። በወጥ ውስጥ ያለውን ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ ማንም አይከለክልም፤ ተጨምቆ በማንኪያ ሲለካ ግን መድኃኒት ሆኗልና ለሐኪሙ ይነገር።

ስለ ጸበል ሲጠይቁኝ በጥንቃቄ ነው የምመልሰው። መጠመቁ ከኪኒን ጋር አይጋጭም። አቡነ ጳውሎስም በፕትርክናቸው ዘመን ጸበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረዋል። የሚጋጨው ለሱባዔ ሲገቡ ኪኒኑን ቤት ጥሎ መሄድና ብዙ ጸበል ጠጥቶ ማስመለስ ነው። ኪኒኑ አብሮ ይወጣል፤ ለፕሬድኒሶሎን ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከላይ አይታችኋል።

«ክትባት ለእኛ አይሆንም፤ ካረገዝሽም ሁሉንም ጣይ»

ሁለቱም ግማሽ እውነት ናቸው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ውሸት ይከፋል። ሕያው ጀርም ያለባቸው ክትባቶች፣ እንደ ቢጫ ወባ፣ ኩፍኝና ቢሲጂ ያሉት፣ በመድኃኒቱ ላይ ሳሉ በአብዛኛው አይሰጡም፤ ለጉዞ የቢጫ ወባ ካርድ ከተጠየቃችሁ ሐኪም የሕክምና ምክንያት ደብዳቤ ሊጽፍላችሁ ይችላል። በመርፌ የሚሰጡት የጉንፋን (ኢንፍሉዌንዛ)፣ የሳንባ ምችና የጉበት ቢ ክትባቶች ግን ሕያው አይደሉም፤ እንዲያውም ለእነዚህ ሰዎች ይመከራሉ።

እርግዝናን በተመለከተ ሜቶትሬክሴትና ማይኮፌኖሌት ጽንስን ስለሚጎዱ ከመፀነስ አስቀድሞ መቆም አለባቸው፤ እስከዚያ ወሊድ መቆጣጠሪያ ግድ ነው። አዛታዮፕሪን፣ ፕሬድኒሶሎንና ታክሮሊመስ ግን በሐኪም ክትትል ሊቀጥሉ ይችላሉ። ሁሉንም በአንድ ቀን የጣለች ነፍሰ ጡር ሉፐሷ ተነስቶ ኩላሊቷንም ጽንሱንም ልታጣ ትችላለች።

«8 ሰዓት ላይ»

ይህ ተረት እንኳ አይደለም፤ የሰዓት ጣጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ቦስተን ውስጥ ጆሴፍ መሪ የመጀመሪያውን የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲያደርግ ሰጪና ተቀባይ ፍጹም ተመሳሳይ መንታ ወንድማማቾች ስለነበሩ ውሻው እንግዳ አላየም። ሌላው ሰው ሁሉ ግን ኩላሊቱ እስካለ ድረስ መድኃኒት ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ ውስጥ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላ ከተጀመረ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ እንዲሁም ውጭ አገር ተተክሎላቸው የሚመለሱት ሲጨመሩ፣ ታክሮሊመስ የሚወስድ ሰው በየሰፈሩ አለ። መደበኛው ታክሮሊመስ በየ12 ሰዓቱ ነው። ከውጭ የመጣ ወረቀት ላይ 8 ተብሎ የተጻፈውን በእኛ ሰዓት ስምንት ብሎ ቀትር ካለፈ በኋላ የወሰደ አጋጥሞኛል። ሰዎቹ የጻፉት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። ለደም ምርመራ በሚኬድበት ጠዋት ደግሞ ኪኒኑ የሚወሰደው ደም ከተቀዳ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ ከተወሰደ ውጤቱ የሐሰት ከፍታ ያሳያል። በቀን አንዴ የሚወሰድ ሌላ ዓይነት ታክሮሊመስም አለ፤ ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ በመደበኛው አይተካም። በሻንጣ የመጣውን ሳጥን ስሙን ብቻ አንብባችሁ አትክፈቱ፤ ሚሊግራሙን፣ ዓይነቱን፣ በቀን ስንቴ እንደሆነ ከአሮጌው ሳጥን ጎን አስቀምጣችሁ አስተያዩ።

እትዬ ከሐኪማቸው ዘንድ በዚያው ሳምንት ተመለሱ፤ የሚቀንሱበት ሠንጠረዥ በእጃቸው ነበር። ታናሽ እህታቸው ወንድማቸውን በስልክ ምስል አገናኘችኝ። ፊቱ ጠቁሯል። «ታዲያ ከዚህ በኋላ ምን ልላክላት?» አለኝ። ሰባት ክፍል ያላት ባዶ የኪኒን ሣጥን አልኩት። መጣች። ክዳኖቿ ላይ የነበረው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ታናሺቱ ባንኮኒዬ ላይ ተደግፋ በእስክሪፕቶ ሰኞ፣ ማክሰኞ እያለች ጻፈችበት።